ከባቱ የመጣ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ጫጩት ለምን በ3ኛው ቀን መሞት ይጀምራል?

ጥያቄው የመጣው ከዓለም ገና አለፍ ብሎ ከሚኖር ወጣት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከቤቴ ጀርባ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ) ያነጠፍኩበት 10 በ15 ሜትር የሆነ ገንዳ አለኝ። ውሃው ከጉድጓድ ነው። ከባቱ የጣት ርዝመት ያላቸው 1,500 የቆሮሶ ጫጩቶች ገዝቼ በ3 በርሜል በአይሱዙ አስጫንኩ። ውሃው እንዳይፈስ በርሜሎቹ የተሞሉት እስከ ግማሽ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ተነስተው፣ ሹፌሩ ሞጆ ላይ እራቱን በልቶ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ደረሱ። በርሜሉን ገንዳው ላይ ገለበጥነው። ሲደርሱ የሞቱት ቢበዛ 20 ናቸው፤ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በ3ኛው ቀን ግን መሞት ጀመሩ። ዛሬ 6ኛ ቀናቸው ነው፣ ወደ 400 ለቅሜ ቀብሬያለሁ። ጭራቸውና ጀርባቸው ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ወጥቷል። ገንዳው ጠዋት ሲለካ 17 ዲግሪ ነው። ጎረቤቴ ቴትራሳይክሊን በትንበት ይለኛል። የታመመ ዓሣ ሸጠውኝ ይሆን? ወይስ ችግሩ ውሃዬ ነው? ለሁዳዴ ይደርሱልኛል ብዬ በታኅሣሥ መጨረሻ ሌላ 2,000 ላመጣ ነበር።»

ወንድሜ፣ አይዞህ። ያን ያህል ጫጩት በእጅ ለቅሞ መቅበር ልብ ይሰብራል። ከጻፍከው እንደምረዳው ዓሣዎቹ ታመው የተሸጡልህ አይመስለኝም፤ ዋናው ጥፋትም የገንዳህ ውሃ አይደለም። የተጎዱት በመረብ ከተያዙበት ደቂቃ አንስቶ ገንዳው ላይ እስከተገለበጡበት ድረስ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ነው። ሲደርሱ 20 ብቻ መሞታቸው አዘናጋህ። የጉዞ ጉዳት ሂሳቡን የሚያወራርደው ከ2 እና ከ3 ቀን በኋላ ነው፤ አንዳንዴም እስከ 10 ቀን ይዘልቃል።

ምክንያቱን ከመዘርዘሬ በፊት በሕይወት ያሉትን እናትርፍ። ቴትራሳይክሊኑን ተወው። እንዲህ ባለ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቅርፊቱ በተላጠ ዓሣ ላይ የሚበቅል ጥጥ አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ ነው። ቴትራሳይክሊን ደግሞ የባክቴሪያ መድኃኒት ስለሆነ ሻጋታን አይነካም። ገንዳ ውስጥ የተበተነ ካፕሱል በሚገባው መጠን ዓሣው ጋ አይደርስም፤ መድኃኒቱን የለመደ ባክቴሪያ ግን ያፈራልሃል። ይህን ዓሣ ነገ ሰው እንደሚበላው አትርሳ። ማላካይት ግሪን የሚባለውን አረንጓዴ ቀለም የሚያቀርብልህ ሰው ካለም አትቀበለው፤ ለምግብ በሚውል ዓሣ ላይ በብዙ አገሮች የተከለከለ ነው። ጥጥ የሚመስል የባክቴሪያ ቁስልም ስላለ፣ በተለይ አፋቸውና ስንጥባቸው (ቀዩ መተንፈሻቸው) ላይ ቢጫ ያዘለ ነጭ ነገር ካየህ፣ ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ቅርብህ ስለሆነ ሄደህ አማክራቸው። የምትወስደው ናሙና ገና በሕይወት ያለ የታመመ ዓሣ ይሁን። ሞቶ ያደረ ዓሣ ላይ የሚገኘው የመበስበስ ምልክት ስለሆነ ብዙም አይነግርህም።

ዳር ይዘው የሚንሳፈፉትን ደካሞች በእጅ መረብ ለይ። በ50 ሊትር ውሃ 500 ግራም ጨው ሟሙቶ የአየር ፓምፕ የገባበት ሳፋ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አቆያቸው። ጎኑን የሚያዞር ካለ ጊዜውን ሳትጠብቅ አውጣው። ለከብት የሚሸጠው ጥሬ ጨው ይበቃል፤ ሌላ ማዕድን የተቀላቀለበት ግን አይሁን። ገንዳውን በሙሉ ጨው አድርግበት አልልህም፤ ጥልቀቱ 1 ሜትር ቢሆን 150 ሺህ ሊትር ነው፣ በሊትር 3 ግራም ብቻ ብታደርግ 450 ኪሎ ጨው ይፈጅብሃል። የሞቱትን ጠዋትና ማታ ልቀም፣ ራቅ አድርገህ ቅበር። መኖውን ለ2 ቀን አቁም፤ የማይበሉት መኖ ታች ወርዶ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይበላባቸዋል። የጉድጓድ ውሃ ስትጨምር ቱቦውን ገንዳው ውስጥ አትቅበረው። የጉድጓድ ውሃ ከመሬት ሲወጣ ኦክስጅኑ አነስተኛ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ብዙ ነው። የቱቦውን ጫፍ ከውሃው ከፍ አድርገህ ስቀለውና እንደ ዝናብ ይርገፍ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ዓሣ በመረብ ሲጎተትና ከውሃ ሲወጣ በደቂቃዎች ውስጥ ደሙ ውስጥ ኮርቲሶል ይጨምራል። እኛም ስንጨነቅ የምናመነጨው ይህንኑ ሆርሞን ነው። የደሙ ስኳር ከፍ ይላል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ብዙ ደም ወደ ስንጥቡ ይሮጣል። ለጥቂት ደቂቃ ሲሆን ከአሞራ ያመልጥበታል። ለ7 ሰዓት ሲቀጥል ግን የሚከፍለው ዋጋ ከባድ ነው። የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ደም ከሚኖርበት ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው፤ በሊትር 9 ግራም ገደማ ጨው ያለው ውሃ ያህላል። ስለዚህ ውሃ ሁልጊዜ በስንጥቡ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ጨው ደግሞ ወደ ውጭ ያመልጣል። ጤነኛ ዓሣ ይህን ሚዛን ቀን ከሌት ሳያቋርጥ ይጠብቃል። የተጨነቀ ዓሣ ግን ብዙ ኦክስጅን ለማስገባት ስንጥቡን ሲከፍት ጨው ይፈስበታል፣ ሰውነቱ ውሃ ይሞላል፣ የሚያስተካክልበትም ጉልበት ያጣል። መኪናው ላይ ቆሞ ሲዋኝ ያየኸው ዓሣ ውስጡ እየተሟጠጠ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት መከላከያው ላይ ነው። ኮርቲሶል ከፍ ብሎ ሲቆይ በሽታን የሚዋጉት የደም ሕዋሳት ይቀንሳሉ። በዚያ ላይ መረቡና የበርሜሉ ግድግዳ ገላው ላይ ያለውን ዝልግልግ ሽፋን ይልጡታል። ያ ሽፋን የዓሣ የመጀመሪያ አጥር ነው። የሻጋታው ዘር በየትኛውም ኩሬ ውስጥ አለ፤ ያንተ ገንዳ ውስጥም፣ ባቱም ነበረ። የተላጠ ቦታ አግኝቶ ሥር ለመስደድና በዓይን ለመታየት ነው 2 እና 3 ቀን የሚወስድበት። ቆሮሶ የሚወደው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። በ17 ዲግሪ ውሃ መከላከያው ሲፈዝ ሻጋታው ግን ይመቸዋል። ጥጡ ጭራና ጀርባ ላይ መውጣቱም ይህንኑ ያጠናክራል፤ በመረብ አያያዝና በበርሜል ግጭት ቀድመው የሚላጡት እነዚህ ናቸው።

ከመንገዱ ሁሉ ብዙ ሰው የማያስተውለው ክፍል መኪናው ከመነሳቱ በፊት ያለው ነው። ጫጩቶቹ በዚያው ጠዋት መኖ በልተው፣ ከኩሬ ተጎትተው፣ ወዲያው ተቆጥረው በርሜል የገቡ ይመስለኛል፤ ደውለህ ሻጩን ጠይቀው። ሆዱ የሞላ ዓሣ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል። መንገድ ላይም ይጸዳዳል፣ በስንጥቡ በኩል ደግሞ አሞኒያ ያወጣል፤ ውሃው በ2 ሰዓት ውስጥ አረፋ ይይዛል። ጫጩት ከመጫኑ በፊት 1 ቀን ሙሉ፣ ከተቻለ 2 ቀን፣ መኖ መከልከል አለበት። ያን ጊዜ የሚያሳልፈውም ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ገንዳ ወይም በሃፓ (ውሃ ውስጥ በሚሰቀል የመረብ ሳጥን) ውስጥ ነው። ጥቅሙ ሆድ ማጽዳት ብቻ አይደለም። ከመረብ ጉተታው የተነሳው ኮርቲሶል የሚወርድበት ጊዜ ያገኛል፣ የተጎዳውም እዚያው ተለይቶ ይታወቃል። ከመረብ በቀጥታ መኪና ላይ የሚወጣ ዓሣ በድንጋጤ ላይ ድንጋጤ ይደረብበታል።

ሲቆጠሩም እያየህ አስቆጥር። ደረቅ ሳፋ ውስጥ 200 ጫጩት ተቆልሎ «አንድ፣ ሁለት» ሲባል ታች ያሉት ተጨፍልቀው፣ የጀርባቸው እሾህ እርስ በርስ እየተዋጋ ነው። ውሃ ባለበት ባልዲ በመመዘን መቁጠር ይቻላል፤ 100 ጫጩት ቆጥረህ ክብደታቸውን ያዝ፣ ሌላውን በዚያ ሂሳብ አስመዝን። ከ100 ውስጥ 2 እና 3 ቢጎድልብህ ከሚላጥ ይሻልሃል።

በርሜሎቹን በቁጥር እንያቸው። የጣት ርዝመት ያለው ቆሮሶ 5 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በአንድ በርሜል 500 ከነበሩ 2.5 ኪሎ ዓሣ ነው። ባቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እዚያ ቢበዛ በሊትር 6.8 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። ግማሽ በርሜል 100 ሊትር ስለሆነ በጠቅላላው 680 ሚሊግራም ነበራቸው። የተረበሸ ጫጩት በኪሎ በሰዓት ከ300 ሚሊግራም በላይ ይጨርሳል። ማለትም የነበራቸው ኦክስጅን 1 ሰዓት እንኳን አይሞላም። በሕይወት ያደረሳቸው መንገዱ ነው፤ ውሃው ሲናጥ ከላይ አየር ይቀላቀልበታል። ታዲያ ሹፌሩ ሞጆ ላይ እራት ሲበላ መናጡም ቆመ። ያኔ የበርሜሎቹን ክዳን ከፍተህ ብታይ ሁሉም ላይ ወጥተው አየር ሲጎርሱ ታገኛቸው ነበር። ደግሞ ያው መናጥ ነው ግማሽ በሞላ በርሜል ውስጥ ከግድግዳው ጋር ሲያላትማቸው የዋለው። በበርሜል ወይም በሮቶ የምትጭን ከሆነ እስከ አፉ ሙላውና እንዳይናጥ አድርግ፤ አየሩን በባትሪ በሚሠራ ፓምፕ ስጠው። ለአምባዛ ግን ይህ አይሠራም። ያደገ አምባዛ ላይ ወጥቶ አየር ስለሚስብ ከላይ ክፍት ቦታ ተውለት።

እዚህ አዲስ አበባ ዙሪያ ለምንሠራ ሰዎች ከፍታው ሌላ ፈተና ነው። ሰበታ አካባቢ፣ 2,200 ሜትር ላይ፣ ውሃ መያዝ የሚችለው ኦክስጅን ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ከዝቅተኛ አገር የመጣ መመሪያ ላይ «በሊትር ይህን ያህል ጫን» የሚለውን ቁጥር እንዳለ አትውሰደው፤ ቀንስለት።

ከሁሉም የከፋው ግን የምሽቱ አደራረስ ነው። ከባቱ የሞቀ ውሃ ተነስተው፣ ሌሊት እየቀዘቀዘ በሚሄድ ገንዳ ውስጥ በአንድ ጊዜ ተገለበጡ። ድንገተኛ የ5 እና የ6 ዲግሪ ለውጥ ብቻውን ኮርቲሶሉን እንደገና ያነሳዋል። የገንዳ ኦክስጅንም ሌሊቱን ሙሉ እየወረደ ሄዶ ንጋት ላይ ነው ታች የሚደርሰው፤ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉት ጥቃቅን ዕፅዋት ፀሐይ ሳይኖር ኦክስጅን አያመርቱም፣ ራሳቸውም ይተነፍሳሉ። ኦክስጅን ተርቦ የመጣ ዓሣ፣ ኦክስጅን እያነሰ በሚሄድበትና ውሃ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ገባ ማለት ነው። በሌሊት መጓዝ ጥሩ ነው የሚባለው ለሞቃት አገር ነው፤ ለኛ ደጋ አይሆንም። ከባቱ ንጋት 12 ሰዓት ተነስተህ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ድረስ፤ ገንዳው ፀሐይ ማግኘት ጀምሯል፣ ቀሪው ቀንም ሁሉ እየሞቀ ይሄዳል።

ለሚቀጥለው ጭነት የምመርጥልህ የኦክስጅን ላስቲክ ነው። ወፍራም ላስቲክ ድርብ አድርግ። የታችኛውን ሁለት ማዕዘን በካላማዳሪ ቁራጭ እሰረው፤ ካልታሰረ ጫጩቶቹ ማዕዘኑ ውስጥ ተሸጉጠው ይጨፈለቃሉ። ሲሶውን ውሃ ሙላ፣ በሊትር 3 ግራም ጨው ጨምርበት። ጨው የደሙንና የውሃውን ልዩነት ስለሚያጠብ ያ የሚፈሰው ጨው ይቀንስለታል፤ ከማውቃቸው እርዳታዎች ሁሉ ርካሹ ይህ ነው። ዓሣውን አስገባ፣ ላስቲኩን እስከ ውሃው ጨፍልቀህ አየሩን አስወጣ፣ የኦክስጅኑን ቱቦ ከትተህ ሙላ፣ አንገቱን ጠምዝዘህ አጥፈህ በካላማዳሪ እሰር። እስከ 5 ሰዓት ለሚወስድ መንገድ በሊትር ከ40 ግራም በላይ ዓሣ አልጭንም። ያንተን መጠን ላለው ጫጩት በ10 ሊትር ውሃ 80 ማለት ነው። ከ5 ግራም ካለፈ የጀርባ እሾሁ ላስቲክ ስለሚበሳ 2 ግራም አካባቢ ያለውን ብትገዛ ይሻላል፤ ያኔ በዚያው ውሃ 200 ይገባል። ሲሊንደሩ ከብየዳ ቤት ሊከራይ ይችላል፤ መክፈቻው ላይ ዘይት ወይም ግራሶ እንዳይነካ ግን አደራ፣ ንጹሕ ኦክስጅንና ዘይት እሳት ናቸው።

ላስቲኩን ባቱ ላይ እንደ ከበሮ ወጥረህ አትሙላው። ወደ ሰበታ ስትወጣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውስጡ ያለው ጋዝ በ100 ወደ 8 እጅ ያብጣል፤ ሱሉልታ ድረስ ቢሆን ከዚያም በላይ። በጣትህ ስትጫነው ጎድጎድ የሚል ይሁን። መኪናው ላይ አጋድመህ ጫነው፤ የውሃው ገጽ ሲሰፋ ኦክስጅኑን በደንብ ይቀበላል። ላዩን በእርጥብ ጆንያና በሸራ ሸፍነው፤ ጨለማ ያረጋጋቸዋል። ከተነሳችሁ ግማሽ ሰዓት በኋላ አቁመህ እይ፤ ብዙ ኦክስጅን የሚበሉት ያን ጊዜ ነው፣ የተነፈሰ ላስቲክ ካለም ያን ጊዜ ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ ለእራትም ለቁርስም አትቁም።

ገንዳው ውስጥ በቀጥታ አትልቀቃቸው። 1,000 ሊትር ሮቶ ከ1 ቀን በፊት በጉድጓድ ውሃ ሞልተህ፣ ፀሐይ ላይ አቁመህ፣ ፓምፕ አስገብተህ፣ 3 ኪሎ ጨው ጨምረህ አዘጋጅ። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ እያናፈስክ 2 ቀን ይቆይ። ላስቲኮቹን እንደታሰሩ ለ20 እና ለ30 ደቂቃ ሮቶው ላይ አንሳፍፍ። ሙቀቱ የሚስተካከለው ታስሮ እያለ ነው። ላስቲኩን ፈትቶ «እስኪለምዱ» ማቆየት የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ ግን ያስገድላል። በጉዞ ላይ አሞኒያ ይጠራቀማል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱም አብሮ ይጠራቀማል፤ ካርቦኑ ውሃውን አሲዳም ስለሚያደርገው አሞኒያው መርዝነቱ ታፍኖ ይቆያል። ላስቲኩ ሲፈታ ካርቦኑ ይወጣል፣ አሲዱ ይቀንሳል፣ አሞኒያው ወደ መርዛማው ዓይነት ይቀየራል። ስለዚህ አንድ በአንድ ፍታ፣ የሮቶውን ውሃ ትንሽ ትንሽ ለጥቂት ደቂቃ ቀላቅል፣ በእጅ መረብ ቶሎ አሳልፋቸው። የመጡበትን ውሃ መሬት ላይ ድፋ።

ሮቶው የእንግዳ ማረፊያቸው ነው። 2 ቀን ይቆዩ። የመጀመሪያውን ቀን አትመግብ፤ በ2ኛው ቀን ቁንጥር ቁንጥር አድርገህ ሞክር፣ መብላት ከጀመሩ ጭንቀቱ እየለቀቃቸው ነው። የሚሞተው ይታያል፣ የሚታከመውም በኪሎ ጨው እንጂ በኩንታል አይደለም። ወደ ገንዳ የምታሸጋግራቸው ከሰዓት በኋላ፣ ገንዳው በሞቀበት ሰዓት ይሁን፤ የሁለቱ ውሃ ልዩነት ከ3 ዲግሪ በላይ ከሆነ መጀመሪያ የገንዳውን ውሃ በባልዲ ቀስ እያልክ ሮቶው ውስጥ ጨምር።

የታኅሣሡን ጭነት ግን ሰርዘው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ለእኛ አካባቢ ገንዳ ክፉ ነው። ለሁዳዴም አይደርሱልህም፤ በሁለት ወር ውስጥ በሞቃት አገር እንኳን ለገበያ አይበቁም፣ ከ20 ዲግሪ በታች ደግሞ ቆሮሶ እምብዛም አያድግም። መጋቢት ላይ አምጣቸው።

ስለ ሻጩ ጠይቀሃል። አሁን ገንዘብ መልስ ብለህ ብትከራከር የምታገኘው ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ሲጫኑ ደህና ነበሩ ይልሃል፣ አይቶ ለሚፈርድም ደህና ይመስሉ ነበር። ለቀጣዩ ግን ውሉ ላይ 2 ሌሊት ያለ መኖ ሃፓ ውስጥ እንዲያድሩ አስገባ፤ ለዚያ ተጨማሪ ቢጠይቅህ ክፈለው። ከመጫኑ በፊት በነበረው ቀን ራስህ ሄደህ እያቸው። እጅህን ውሃው ላይ ስታሳርፍ ተበትነው ወደ ታች የሚሸሹ፣ ክንፋቸው ያልተበጣጠሰ፣ ገላቸው ያልገረጣ ከሆነ አስጭን። ላይ ላይ ቆመው እጅህን ዝም ብለው የሚያዩ ከሆነ መኪናውን መልስና በሌላ ሳምንት ተመለስ።